የሥሪት አገር ምንድን ነው? ቆዳው ከሞጆ፣ ክሩ ከቻይና የመጣ ክራር

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ክራር የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። አሜሪካ ያለ አንድ ደንበኛ አሥራ ሁለት ክራር አዘዘውና ካርቶኑን ከማሸጉ በፊት ጠራኝ። «እንግሊዝኛውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ጀርባው ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ። «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ በላ፣ ሌላ ምን ትላለህ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆየት ብሎ አንዱን ክራር አነሣና በጣቱ እየነካ ይቆጥርልኝ ጀመር። ገበቴው ዋንዛ ነው፣ ራሱ የፈለፈለው። ምሰሶዎቹና ቀንበሩም እንደዚያው። ቆዳው የፍየል ነው፣ ከሞጆ የመጣ። ክሩ የጊታር ክር ነው፣ ቻይና። መቃኛዎቹ በጨርቅ ጥቅልል ፋንታ የገቡ የጊታር መቃኛዎች ናቸው፣ እነሱም ቻይና። ከቆዳው ሥር የተለጠፈው ፒክአፕ (የክራሩን ድምፅ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚያስተላልፈው መሣሪያ) እና የጃኩ መሰኪያ፣ ያው ቻይና። «ታዲያ እንዲያ ብዬ ብጽፍ ውሸት አይሆንብኝም?» አለኝ።

ያን ቀን የሰጠሁት መልስ አላረካኝም። ቤቴ ገብቼ ብዙ አነበብኩ፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው።

የሥሪት አገር ማለት ሕግ ለአንድ ዕቃ የሚሰጠው ዜግነት ነው። አንድ አገር በቅሎ እዚያው የተሠራ ነገር ማንንም አያከራክርም። ሸምበቆ ቆርጦ፣ በጋለ ብረት በስቶ ዋሽንት ያወጣ ሰው የዋሽንቱን አገር የሚጠይቀው የለም። ጣጣው የሚመጣው ዕቃው ከሁለትና ከሦስት አገር በተሰበሰበ ነገር ሲሠራ ነው። ዛሬ ደግሞ የሙዚቃ መሣሪያ ከተባለ እንዲህ ያልሆነውን ማግኘት ከባድ ነው። እንጨቱ ከአንድ አህጉር፣ ብረቱ ከሌላ፣ ሙጫው ከሦስተኛ ይመጣል። እናም የብዙ አገሮች ሕግ የሚጠይቀው «ቁርጥራጩ ከየት መጣ?» ብሎ አይደለም፤ «ዕቃው የአሁኑን ማንነቱን ያገኘው የት ነው?» ብሎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሕግም ከአንድ አገር በላይ ያለፈ ዕቃ የሥሪት አገሩ መሠረታዊ የሆነው የመጨረሻ ሥራ የተሠራበት አገር ነው ይላል።

አሜሪካኖች ለዚህ የሚጠቅሱት አንድ የቆየ ፍርድ አለ። አንድ የቢራ ፋብሪካ የጠርሙስ ቡሽ ከስፔን ያስገባል። ቡሹን ያጥባል፣ በእንፋሎት ያሳልፋል፣ ይቀባል፣ ያደርቃል፤ ከዚያ ጠርሙሱን ይከድንበትና ቢራውን ወደ ውጭ ይልካል። ቡሹ እኛ ዘንድ እንደ አዲስ ተሠርቷልና የከፈልነው ቀረጥ ይመለስልን ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። አንድ ዕቃ እንደ አዲስ ተሠራ የሚባለው የተለየ ስም፣ የተለየ ጠባይ ወይም የተለየ አገልግሎት ይዞ ሲወጣ ነው፤ ያ ቡሽ ግን ያን ሁሉ ካለፈ በኋላም ቡሽ ነው አለ። ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ የአሜሪካ ጉምሩክ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ቀርቷል። እኔ በጣም ወድጄዋለሁ፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ ዕቃው ላይ ሊሞክረው ይችላልና።

እንግዲህ በወዳጄ ክራር ላይ እንሞክረው። የቻይናው ክር በላስቲክ ተጠቅልሎ ሲመጣ ክር ነበር። መቃኛውም መቃኛ ነበር። የፍየሉ ቆዳ ቆዳ፣ ዋንዛው እንጨት ነበር። እነዚህ ሁሉ የወዳጄ ደጅ ሲገቡ የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ሲወጡ ግን አንድ ስም ብቻ ይዘው ወጡ፤ ክራር። ያንን ስም ያገኙት አዳማ ላይ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካ ጉምሩክ የክራሩ አገር ኢትዮጵያ ነው። ነገሩን ገልብጠን እንየው። አንድ ነጋዴ ውጭ አገር ተሠርቶ ያለቀ ክራር አስገብቶ እዚህ ክሩን ብቻ ቢለውጥለትና ቢወለውለው ምን ይሆናል? ሲገባ ክራር ነበር፣ ሲወጣም ክራር ነው። ያ ቡሽ እንደማጠብ ነው። «የኢትዮጵያ» ብሎ መጻፍ ለእሱ አይፈቀድለትም።

በዕቃ ላይ የአገር ስም የመጻፉ ግዴታ ሲጀመር ዓላማው ገዢን ማስጠንቀቅ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣችው የንግድ ምልክት ሕግ የውጭ ዕቃ የእንግሊዝ መስሎ እንዳይሸጥ፣ በተለይም የጀርመን ዕቃ ተለይቶ እንዲታወቅ ያለመ ነበር። ውሎ አድሮ ግን «ሜድ ኢን ጀርመኒ» ራሱ የጥራት መታወቂያ ሆነ። አሜሪካም በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት አዘዘች፤ ከ1891 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። የዚህን ሕግ ዱካ ዛሬም በአሮጌ ቫዮሊኖች ሆድ ውስጥ ማየት ይቻላል። ጀርመንና ቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ውስጥ በገፍ የተሠሩ ርካሽ ቫዮሊኖች ከውስጥ «አንቶኒዮስ ስትራዲቫሪዮስ፣ ክሬሞና» የሚል፣ የዝነኛውን የጣሊያን ቫዮሊን ሠሪና የከተማውን ስም የያዘ ወረቀት ተለጥፎባቸው ይሸጡ ነበር። የአያቱን ቫዮሊን ከሣጥን አውጥቶ «ስትራዲቫሪ አገኘሁ» ብሎ ልቡ የዘለለ ሰው በየአገሩ አለ። ከዚያ ወረቀት ግርጌ በትንሹ «ጀርመኒ» የሚል ካለ ግን ነገሩ አበቃ፤ ቫዮሊኑ ከ1891 ወዲህ ለገበያ የተሠራ ነው ማለት ነው። የጃፓን ዕቃዎች ደግሞ «ኒፖን» ተብለው ይገቡ ነበር። በ1921 የአሜሪካ ጉምሩክ ይህ የጃፓንኛ ቃል ነውና በእንግሊዝኛ «ጃፓን» ተብሎ ይጻፍ አለ። አንድ ቃል ብቻዋን የመሣሪያውን ዕድሜ ትናገራለች።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። አንድ አሜሪካዊ ጊታር ሠሪ በራሱ አገር ሠርቶ «ሜድ ኢን ዩ.ኤስ.ኤ.» ሊል ቢፈልግ የሚጠብቀው መለኪያ ከላይ ካየነው እጅግ የጠበቀ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሙሉ በሙሉ ወይም ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ የአሜሪካ መሆን አለበት ይላል። ይህ ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገዳጅ ደንብ ሆኗል፤ ለአንድ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስቀጣ ይችላል። ኮሚሽኑ ለማስረዳት የሚያቀርባቸው ሁለት ምሳሌዎች ከሁሉም በላይ ነገሩን ያበሩልኛል። በመጀመሪያው በጋዝ የሚሠራ የሥጋ መጥበሻ አለ፤ ዋና ዋና ክፍሎቹ ሁሉ የአሜሪካ ናቸው፣ የመክፈቻ ቁልፎቹና ቱቦው ግን ከሜክሲኮ የመጡ ናቸው። ይህ «የአሜሪካ» ሊባል ይችላል። በሁለተኛው የጠረጴዛ መብራት አለ፤ ነሐሱም ጥላውም የአሜሪካ ነው፣ የሚቆምበት መሠረት ግን ከውጭ የመጣ ነው። መሠረቱ ከወጪው ትንሹን ድርሻ ብቻ ቢይዝም መብራቱ «የአሜሪካ» ሊባል አይችልም። ምክንያቱም መሠረቱ የመብራቱ ጉልህ አካል ነው። ገንዘቡ ብቻውን አይፈርድም ማለት ነው።

ይህን ለወዳጄ ሳነብለት በጣም ተመሰጠ። መቃኛዎቹ እንደ መጥበሻው ቁልፎች ናቸው አለ፤ ቢወልቁ በጨርቅ ጥቅልል ይተካቸዋል፣ አባቱም እንደዚያ ነበር የሚሠራው። ክሩንም በጅማት መተካት ይቻላል። ፒክአፑ ላይ ስንደርስ ግን ሁለታችንም ቆምን። ከክራሩ ዋጋ የሚይዘው ጥቂት ነው። ደንበኛው ግን ያዘዘው በመድረክ ከድምፅ ማጉያ ጋር የሚገናኝ ክራር ነው፤ ያለ ፒክአፕ የተላከ ክራር ለእሱ ያዘዘው ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ፒክአፑ እንደ መብራቱ መሠረት ነው ብዬ አምናለሁ። በአሜሪካው ጥብቅ መለኪያ ብንመዝነው ይህ ክራር ያለ ማብራሪያ «ሜድ ኢን» ለመባል አይበቃም። ደግነቱ ያ መለኪያ በዋናነት የቆመው «የአሜሪካ ነው» ለሚለው ሰው ነው፤ የእኛ ክራር የሚለካው በጉምሩኩ መለኪያ ነው፣ በዚያም ያልፋል። የኅሊናው ጥያቄ ግን በቦታው አለ። ለእሱም ሕጉ ራሱ መውጫ አበጅቷል፤ ማብራሪያ ጨምሮ መጻፍ። «ከአገር ውስጥና ከውጭ በመጡ ክፍሎች የተሠራ» ማለት ይቻላል። ሥራው በእርግጥ መገጣጠም ብቻ ከሆነም «የተገጣጠመ» ማለት ይቻላል፤ ብሎን አጥብቆ ብቻ የሚላከው ግን ለዚህም አይበቃም።

ስዊዘርላንዶች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፋብሪካ ዕቃ ቁርጥ ያለ ቁጥር አስቀምጠዋል፤ ከማምረቻ ወጪው ቢያንስ 60 በመቶው እዚያው የወጣ መሆን አለበት። ለሂሳብ ይቀላል። እኔ ግን የመብራቱን መሠረት የሚያይ ሕግ ይበልጥ ፍትሐዊ ይመስለኛል።

ከዚሁ ጋር የእኛን ከተማ የሚነካ ነገር አለ። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በ1833 ኒው ዮርክ ተመሥርቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ናዝሬት ወደምትባል ከተማ ተዛወረ፤ ዛሬም እዚያው ነው። በጊታሮቹ የውስጥ ማህተም ላይ «ናዝሬት» የሚለው ስም ይገኛል። አዳማን ናዝሬት ብሎ ያደገ ሰው ሲያየው ደንገጥ ማለቱ አይቀርም። ቦታና ስም እንዲህ ስለሚያምታቱ የአሜሪካ ጉምሩክ አንድ ብልህ ደንብ አለው። ዕቃው ላይ ገዢን ሊያሳስት የሚችል ሌላ የቦታ ስም ካለ፣ እውነተኛው የሥሪት አገር ከዚያ ስም አጠገብ፣ ከእሱ ባላነሰ በሚነበብ ፊደል፣ «የተሠራው በ…» ተብሎ መጻፍ አለበት። የኩባንያው አድራሻ አንድ ቦታ፣ ዕቃው የተሠራበት ሌላ ቦታ ሲሆን ገዢውን የሚጠብቀው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። ጥሩ ክላሪኔት የሚሠራበት ጥቁር እንጨት በአብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ደን ይመጣል። ስዋሂሊዎች ምፒንጎ ይሉታል። ያ ዛፍ ለመድረስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ክላሪኔቱ ላይ የሚጻፈው ግን ፈረንሳይ ወይም ጀርመን ነው። በቡሹ መለኪያ ትክክል ነው፤ ግንድ ገብቶ ክላሪኔት ወጥቷል። ቢሆንም የእንጨቱን አገር በአንዲት መስመር መጥቀስ ሠሪውን ምንም አያጎድልበትም ነበር።

በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በዕቃ መለያ ጽሑፍ ላይ ከሚሰፍሩት ነገሮች አንዱ የተሠራበት አገር እንዲሆን ይፈልጋል፤ ስለ ዕቃ ምንጭ ሐሰተኛ መረጃ መስጠትንም ይከለክላል። ሱቅ ገብቶ ጊታር የሚገዛ ወጣት ሻጩ «ኦሪጅናል የአሜሪካ ነው» ሲለው ጀርባውንና የሣጥኑን ውስጥ አይቶ «የት ነው የተጻፈው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

መለያ ጽሑፉና የቀረጥ ጥቅሙ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ከውጭ በመጣ ጨርቅ ልብስ ተሰፍቶ «ሜድ ኢን ኢትዮጵያ» ተብሎ ይላካል። በአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ጊዜ ልብሱ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው፣ ሕጉ እንደ እኛ ላሉ አገሮች የሌላ አገር ጨርቅ እንዲጠቀሙ ስለፈቀደ ነው። ኢትዮጵያ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ከአጎዋ ስትወጣ በልብሱ ላይ ያለው ጽሑፍ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቀረጡ ነው። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ደንብም ለቀረጥ ቅናሽ የራሱ መስፈርት አለው፤ ከአማራጮቹ አንዱ አገር ውስጥ የተጨመረው እሴት ቢያንስ 35 በመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። ስለዚህ «ሜድ ኢን» ብሎ መጻፍ የቻለ ሁሉ ቅናሽ አገኛለሁ ብሎ እንዳያስብ፤ ለዚያ የሥሪት አገር የምስክር ወረቀት የሚባል ሌላ ሰነድ አለ። በአንጻሩ ጽሑፉን መተውም ዋጋ ያስከፍላል። አሜሪካ የሥሪት አገር ሳይጻፍበት የገባ ዕቃ ካልታረመ የዋጋውን 10 በመቶ ተጨማሪ ታስከፍላለች።

በመጨረሻ ከወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ጻፍነው። መጀመሪያ የፈለገው «አዳማ» ብቻ እንዲባል ነበር። አዳማን የማያውቅ ሰው የት ብሎ ያገኛታል አልኩትና አገሩን ጨመርን። ሁለት መስመር ሆነ፤ «የተሠራው በአዳማ፣ ኢትዮጵያ» ከላይ፣ «ክሩ፣ መቃኛውና ፒክአፑ ከውጭ የገባ» ከታች። ሁለቱም በእንግሊዝኛ። በወረቀት አንለጥፈውም አለ፤ ላብ ሲነካው ይላጣል። ፊደሉን ከሽቦ አጣመመና ከሰል ላይ አግሎ፣ ገበቴው ጀርባ ላይ፣ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ ተኮሳቸው። የዋንዛው ጭስ ቤቱን ሞላው። አሥራ ሁለተኛውን ሲጨርስ በጨርቅ ጠራርጎ ወደ መስኮቱ አስጠጋውና፣ «የታችኛውን መስመር አንብብልኝ» አለኝ።