የትኛውን ገመድ ነቀላችሁ? ስለ ኔትወርክ ማከማቻዎች የብልሽት ሙከራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዲስኩ በአንድ ማሽን (በሰርቨሩ)፣ ፕሮግራሙ በሌላ ማሽን (በክላየንቱ) ላይ ሲሆን በመካከላቸው ያለው ግንኙነት አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያዎች ሥርዓቱ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ብልሽቱን ራሳቸው ፈጥረው ይፈትኑታል። ችግሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ለፈታኙ የሚመቸው ብልሽት መሆኑ ነው።

«ገመዱን ነቅለን ሞክረናል፤ ሥርዓቱ አልፏል»

ይህን ስሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «የትኛውን ጫፍ?» የሚል ነው። የክላየንቱ ገመድ ሲነቀል የኔትወርክ ካርዱ ምልክት መጥፋቱን ወዲያው ለከርነሉ፣ ማለትም ለሥርዓተ ክወናው እምብርት ያሳውቃል። በመካከል ስዊች (ማሽኖችን የሚያገናኝ መሣሪያ) ካለና የተነቀለው የሰርቨሩ ገመድ ከሆነ ግን የክላየንቱ ካርድ ምንም የጎደለ ነገር አያይም፤ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ይወጣል፣ መልስ አይመጣም። ሊኑክስ በነባሪ ቅንብሩ መልስ ያጣ የቲሲፒ (መረጃ መድረሱን እያረጋገጠ የሚያስተላልፍ የኔትወርክ ደንብ) መልእክትን እየደጋገመ ልኮ ተስፋ የሚቆርጠው ከ924 ሰከንድ፣ ማለትም ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። ከበላዩ ያለው ሶፍትዌር የራሱ የጊዜ ገደብ ከሌለው ፕሮግራሙ ይህን ሁሉ ጊዜ ስህተት ሳይደርሰው ቆሞ ይጠብቃል።

«የማከማቻውን አገልግሎት መግደልም ያው ነው»

አይደለም። አገልግሎቱን የሚሰጠው ፕሮግራም ቢሞትም የሰርቨሩ ከርነል በሕይወት አለ፤ ክፍት የነበረውን ግንኙነት እሱ ይዘጋዋል፣ ለክላየንቱም መዘጋቱን ይነግረዋል። በር አንኳኩቶ «የሉም» መባልና መልስ የሚሰጥ አጥቶ ደጅ መቆም የተለያዩ ናቸው። በፋየርዎል (የኔትወርክ ትራፊክ ማጣሪያ) ለሚፈትኑም ልዩነቱ ይሠራል፦ ፓኬቱን «አልቀበልም» ብሎ የሚመልስ ሕግ ጩኸት ይፈጥራል፣ ድምፅ ሳያሰማ የሚጥለው ሕግ ዝምታን ይፈጥራል። ሁለቱም ይፈተኑ፤ አንዱን ብቻ የመምረጥ ግዴታ ቢኖርብኝ ዝምታውን እመርጣለሁ።

«ዝምታውን ቲሲፒ ራሱ በኪፕአላይቭ ይደርስበታል»

በሊኑክስ ነባሪ ቅንብር ኪፕአላይቭ (ሌላው ጫፍ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ ዘዴ) የመጀመሪያውን ምርመራ የሚልከው መስመሩ ለ2 ሰዓት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ነው፤ ከዚያም በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። ማረጋገጫ የሚጠብቅ የተላከ መረጃ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ዲስክን በቲሲፒ ላይ የሚያቀርበው አይስካዚ የራሱን የልብ ትርታ የሚልከው ለዚህ ነው። በሊኑክስ የተለመደው የአይስካዚ ክላየንት በነባሪነት በየ5 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ለመልሱ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ግንኙነቱ መጥፋቱን ካወቀ በኋላም የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎችን እስከ 120 ሰከንድ አቁሞ ይይዛቸዋል።

እንግዲህ መስመሩን ለ30 ሰከንድ ቆርጦ የመለሰ ሰው የፈተነው የክላየንቱን ትዕግሥት ብቻ ነው። ስህተቱ ወደ ፋይል ሲስተሙ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አላየም። መቋረጡ አንዴ ከ120 ሰከንዱ ገደብ በታች፣ አንዴ ከገደቡ በላይ፣ አንዴ ደግሞ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መሞከር አለበት። ብዙ እንግዳ ነገር የሚገኘው በሦስተኛው ነው።

«ፒንግ ካለፈ መስመሩ ደህና ነው»

ፒንግ ሌላው ማሽን መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትንሽ ፓኬት ነው። በሁለቱ ጫፎች የፓኬት መጠን 9000 ባይት ተብሎ ተዘጋጅቶ በመካከል ያለው ስዊች 1500 ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ፒንጉ ያልፋል፣ የአይስካዚ መግቢያውም ይሳካል፤ የመጀመሪያው ትልቅ ጽሑፍ (ወደ ዲስክ የሚጻፍ መረጃ) ግን ይንጠለጠላል። ስለዚህ ትንንሹን አሳልፎ ትልልቁን ብቻ የሚጥል ሙከራ ያስፈልጋል።

«1 በመቶ ፓኬት በዘፈቀደ መጣል በቂ ነው»

ይህ ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አይገልጥም፤ የጠፋውን ቲሲፒ መልሶ ይልከዋል። እውነተኛ የፓኬት መጥፋት ብዙ ጊዜ በድንገት ተከማችቶ ይመጣል። የሊኑክሱ ኔትኤም (የኔትወርክ ብልሽት አስመሳይ መሣሪያ) ይህንንም ማስመሰል ይችላል። የሚሠራው በሚወጣው ትራፊክ ላይ መሆኑን ግን አትርሱ።

«ግንኙነቱ ከተቋረጠ ጽሑፉ አልደረሰም ማለት ነው»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ጽሑፉ ደርሶ፣ ዲስክ ላይ አርፎ፣ የጠፋው ማረጋገጫው ብቻ ሊሆን ይችላል። ክላየንቱ ይህን ከውጭ ሆኖ መለየት አይችልም። አንድን ብሎክ (የዲስክ ክፍልፋይ) እንደገና መጻፍ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ማውጫ (ፎልደር) መፍጠር ግን ሲደገም «አስቀድሞ አለ» የሚል ስህተት ያመጣል። የኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያጋራ ሥርዓት) ሰርቨሮች የቅርብ ጊዜ መልሶቻቸውን የሚያስታውሱት በዚህ ምክንያት ነው። ሙከራው ቀላል ነው፦ የክላየንቱ ጥያቄዎች ይለፉ፣ ከሰርቨሩ የሚወጡት መልሶች ብቻ ይጣሉ። ከዚያ ሰርቨሩ በመካከል ጠፍቶ እንደገና እንዲነሳ አድርጉና ያ ትዝታ መትረፉን እዩ።

ስህተቱ በትክክል ቢነገር እንኳ የሚሰማው ላይኖር ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የፖስትግሬስኪውኤል (የዳታቤዝ ሶፍትዌር) አዘጋጆችን ያስደነገጠው ይህ ነበር፦ ሊኑክስ ወደ ዲስክ ማሳረፍ አለመሳካቱን አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ያልተጻፉትን ገጾች (በማህደረ ትውስታ ያሉ የመረጃ ክፍሎች) እንደተጻፉ ይቆጥራቸው ነበር፣ ዳታቤዙ ጥያቄውን ሲደግምም «ተሳክቷል» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ዛሬ ፖስትግሬስኪውኤል እንዲህ ያለ ስህተት ሲገጥመው በነባሪነት ሥራውን አቁሞ ለውጦችን አስቀድሞ ከሚጽፍበት መዝገብ እንደገና ይነሳል።

«አጭር መቋረጥ አጭር ጉዳት ነው፤ መስመሩ ከተመለሰ ሙከራው አልቋል»

ጥቅምት 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በጊትሀብ (የፕሮግራም ኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) የኔትወርክ ግንኙነት ለ43 ሰከንድ ተቋረጠ። በዚያ ክፍተት ዳታቤዞቹን የሚመራው ሶፍትዌር የጽሑፉን ኃላፊነት ወደ ሌላኛው የአሜሪካ ዳርቻ አዛወረ፤ መስመሩ ሲመለስ በሁለቱም ወገን ሌላው የሌለው መረጃ ተገኘ። አገልግሎቱ ወደ ነበረበት እስኪመለስ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጀ።

የሙከራው ከባዱ ክፍል የሚጀምረው መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። እያንዳንዱን ብሎክ በተራ ቁጥርና በማረጋገጫ ድምር (ይዘቱ አለመበላሸቱን የሚያሳይ ቁጥር) ጻፉ፤ «ተጽፏል» የተባለውን ሁሉ ከሚፈተኑት ማሽኖች ውጭ መዝግቡ፤ ግንኙነቱ ሲመለስ በካሽ (በጊዜያዊ ማከማቻ) ያለውን ጥላችሁ ከዲስኩ አንብቡና ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። ማረጋገጫ ያላገኘ ጽሑፍ ቢኖርም ባይኖርም ችግር የለውም። ማረጋገጫ ያገኘ አንድ ብሎክ ቢጎድል ግን ሙከራው ወድቋል።