«ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በክረምት ወራት ለቀጣዩ ሳምንት በሚወጣው የአየር ትንበያ ውስጥ «ጅማን ጨምሮ በደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» ሲባል፣ ብዙ ሰው ጎርፍ እንደሚመጣ አድርጎ ይረዳዋል፤ ይህ ግን ትክክለኛ አረዳድ አይደለም። መደበኛ የሚባለው በአንድ አካባቢ ለረጅም ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ30 ዓመታት፣ በተመሳሳይ ወቅት የተለካው የዝናብ መጠን አማካይ ነው። ስለዚህ አካባቢው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር እንጂ ከሌላው ጋር አይደለም። በጎዴ «ከመደበኛ በላይ» የተባለ የሐምሌ ሳምንት ለጅማ ነዋሪ ከካፊያ ላያልፍ ይችላል፤ በጅማ ግን «ከመደበኛ በታች» በተባለ የሐምሌ ሳምንትም ቢሆን ጃንጥላ ትቶ መውጣት አያዋጣም።

«ከባድ ዝናብ» የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። ይህ የሚለካው በ24 ሰዓት ውስጥ በወረደው መጠን ሲሆን፣ በአገራችን ትንበያ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው በዚህ ስም ይጠራል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ይሁንና አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት በመሆኑ፣ 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል ስድስት ጊዜ የሚሞላ ውኃ ይወርዳል። የሳምንቱ ድምር መደበኛ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጥል ስለሚችል፣ ጅማን አቋርጦ በሚያልፈው በአዌቱ ወንዝ ዳርቻ የሚኖር ሰው ከሳምንታዊው ድምር ይልቅ የከባድ ዝናብ ማስጠንቀቂያውን ቢከታተል ይሻለዋል።