በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ

ባለፈው ሰሞን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ብስጭት ብሎ ገባ። መንገድ ላይ መቶ ብር ተቀብለውታል። ደረሰኝ የለ፣ ጥፋትህ ይህ ነው ያለው የለ። «ጋሼ፣ ደረሰኝ ቆርጠው አምስት መቶ ቢሉኝ እኮ ከፍዬ እሄድ ነበር» አለ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «አዬ ልጄ! በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» አሉት።

አባባሉ ማሰሪያ አንቀጹ ተቆርጦ ነው የሚነገረው። ሲሞላ «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ነው። ጭብጦ ከ«ጨበጠ» የወጣ ቃል ነው። በመዳፍ ተጨብጣ የምትጋገር ትንሽ ዳቦ፣ የእረኛና የመንገደኛ ስንቅ ናት። በቅሎ ደግሞ የባለጸጋ ሀብት። ድሮ ባላጋራዎች ችሎት ቆመው በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታ ይከፍላል። ስለዚህ በፍርድ የሄደች በቅሎ ለንግግር ማሳመሪያ ብቻ የመጣች አትመስለኝም። ሰውየው ተከራክሮ፣ ተሰምቶ፣ ተረትቶ ነው የሰጣት። ጭብጦዋን ግን ማንም ሳይጠይቀው ነጠቁት።

ስለ ወንጀል ሕግ ማሻሻያ ሲወራ ይህ አባባል ይመጣብኛል። ሁላችንም የምንጠይቀው «ስንት ዓመት ያስቀጣል?» ብለን ነው። ያ በቅሎዋ ናት። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ተተካ። ትልቅ ነገር ነው። በድሮው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በፈቃዷ ካገባት ከክስ ያመልጥ ነበር፤ አዲሱ ያንን በር ዘጋ። አያያዙን፣ ዋስትናውን፣ ምርመራውን የሚመራው የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ያን ጊዜ አብሮ አልተቀየረም። የ1954ቱ እንዳለ ቀጠለ።

ጭብጦዋ ያለችው እዚያ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም። ከዚያስ? በ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 59 አንድ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየው ታስሮ እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ፣ ከ14 ቀን አይበልጥም። ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልገደበም። ለእኔ ከቅጣቱ መክበድና መቅለል በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው።

14 ቀን ለደሞዝተኛ አንድ ነገር ነው። ጅማ ዙሪያ በጥቅምትና በኅዳር ቡና ለቅሞ ለሚያድር የቀን ሠራተኛ ሌላ ነው። ቀጠሮው ሁለት ሦስቴ ከተደገመ፣ ሠራተኛው «ነጻ ነህ» ተብሎ ሲወጣ ቡናው ከዛፉ ወርዷል።