ውሻ ባለበት ቤት ጫጩት ማሳደግ

ውሻ ባለበት ቤት ጫጩት ማሳደግ ማለት ገና የተፈለፈሉ የዶሮ ጫጩቶችን ውሻ ቀድሞ ወደሚኖርበት ቤት አምጥቶ፣ ማንም ሳይጎዳ አብረው እንዲያድጉ የማድረግ ሥራ ነው። ስለ ጫጩት ሙቀትና መኖ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ውሻ ሥልጠናም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ስለሚሆነው ግን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን ይበልጥ የሚያወራው ስለ ውሻው ስለሆነ ይህ ዳሰሳም ወደዚያው ያዘነብላል።

ዳራ

ውሻ የሰው ቤት ነባር ነዋሪ ነው። በጀርመን ቦን ኦበርካስል ከሰዎች ጋር ተቀብሮ የተገኘው ውሻ 14,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። የዶሮ መነሻ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ ሲሆን፣ መቼ እንደለመደ ግን ያከራክራል። በታይላንድ ባን ኖን ዋት በተገኙ አጥንቶች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት ጊዜውን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በጣም ቀደም ያለ ዘመን የሚሰጡም አሉ።

ውሻው

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሬይመንድ ኮፒንገር የውሻን የአደን ጠባይ በተከታታይ እርምጃዎች ከፋፍሎታል፦ ማነጣጠር፣ ማፍጠጥ፣ ማድባት፣ ማሳደድ፣ በጥርስ መያዝ፣ መግደል፣ መዘንጠልና መብላት። ተኩላ ሁሉንም በቅደም ተከተል ይፈጽማል። ሰው ግን ውሻን ለሥራው ሲያዳቅል አንዳንዱን እርምጃ አጉልቶ ሌላውን አደብዝዞታል። የበግ እረኛው ቦርደር ኮሊ ያፈጣል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፤ መንከሱ ተዳክሟል። ሪትሪቨር የተገደለ ወፍ ሳያደቅ በአፉ ይዞ እንዲመጣ የተዳቀለ ነው። ቴሪየር አይጥና መሰል አውሬ እንዲገድል የተመረጠ በመሆኑ ከጫጩት ጋር ለማስማማት ከሚያስቸግሩት ይመደባል።

ስለዚህ ባለቤቶች አዘውትረው የሚጠይቁት «ውሻዬ ክፉ ነው ወይስ ደግ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይረዳም። ለልጆች የዋህ የሆነ ውሻ ጫጩት ሲሮጥ ሲያይ ሊያሳድድ ይችላል፤ ይህም ነውሩ አይደለም። ጫጩት ትንሽ ናት፣ ትንጫጫለች፣ ድንገት ሮጣ ድንገት ትቆማለች፤ የማሳደድ ስሜትን የሚቀሰቅስ ሁሉ ተሟልቶላታል። ጅራቱን እየቆላ በመዳፉ የነካት ውሻም እንደነከሳት ሁሉ ሊገድላት ይችላል። ሊታዩ የሚገባቸው ምልክቶች ግልጽ ናቸው፦ አፉን ግጥም አድርጎ ሰውነቱን ካደረቀ፣ ካፈጠጠና ስሙ ሲጠራ ካልሰማ ሊነሳ ተዘጋጅቷል።

ከብት ጠባቂ ውሾች ለብቻቸው ሊነሱ ይገባል። እነ ማሬማ፣ ታላቁ ፒሬኔያዊና አናቶሊያዊው እረኛ ከሚጠብቁት እንስሳ ጋር ከቡችላነታቸው ስለሚያድጉ የአደን ጠባያቸው የደከመ ነው። ለዚህ የአውስትራሊያዋ ሚድል አይላንድ ትመሰክራለች። ቀበሮዎች በዋርናምቡል ከተማ ዳርቻ ባለችው በዚህች ደሴት የነበሩትን ትናንሽ ፔንግዊኖች ከመቶዎች ወደ ከ10 ያነሱ አውርደዋቸው ነበር። ዶሮዎቹን በማሬማ ያስጠብቅ የነበረ አንድ አርቢ ባቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2006 ውሾች ተሰማሩ፤ ከዚያ በኋላ የወፎቹ ቁጥር ከመቶ በላይ ደረሰ። ለውሻ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ማግኘት ይከብዳል። ሆኖም ወጣት ጠባቂ ውሻ እየተጫወተ ወፍ ስለሚያሳድድ፣ እስኪበስል ድረስ ያለ ተቆጣጣሪ አይተውም።

ጫጩቶቹ

እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። ጫጩት ከመውጣቷ በፊት አስኳሉን ወደ ሆዷ ስለምታስገባ እስከ 72 ሰዓት ያለ መኖ መቆየት ትችላለች፤ የአንድ ቀን ጫጩቶችን ሩቅ አገር መላክ የተቻለውም በዚህ ነው። ሙቀት ግን አይዘገይላትም። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሰጣትና በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ውሻ ባለበት ቤት የማሞቂያ መብራት ዋና ሥጋት ነው፤ ውሻው ሽቦውን ጎትቶ መብራቱን ሰጋቱራ ላይ ከጣለው እሳት ይነሳል። በሁለት ቦታ በሰንሰለት ማሰር ወይም በማሞቂያ ሰሌዳ መተካት ይሻላል። ማሳደጊያው የሽቦ ወንፊት ክዳን ያለው፣ በር በሚዘጋበት ክፍል የተቀመጠ ይሁን። ጫጩቶች በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ መዝለልና መብረር ስለሚጀምሩ ክዳኑ ለእነሱም ያስፈልጋል።

እንግሊዛዊው ዳግላስ ስፖልዲንግ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው ጥናቱ እናት የሌላት ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚንቀሳቀስን ማንኛውንም ነገር እንደምትከተል አሳይቷል። ዓይኗ ተሸፍኖ አራት ቀን ያህል የቆየች ግን ስታየው ትሸሻለች። ከዚህ የምንረዳው ያለ እናት ያደገች ትንሽ ጫጩት ውሻን ላትፈራ እንደምትችል ነው፤ ሮጣ ወደ እግሩ ልትገባ ትችላለች። እናት ዶሮ ካለች ነገሩ ይለያል፤ ላባዋን ነፍታ ዘልላ አፍንጫውን የነቆረችው ውሻ ለቀጣዩ ጊዜ ርቀቱን ይጠብቃል።

ማስተዋወቅ

ቀስ ብሎ መሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ ውሻው ድምፃቸውንና ሽታቸውን በተዘጋ በር በኩል ይለምዳል። ቀጥሎ በእግር ጉዞ ደከም ካለ በኋላ፣ ላላ ባለ ማሰሪያ፣ ከሩቅ ያያቸዋል፤ ዓይኑን ከጫጩቶቹ አንስቶ ወደ ባለቤቱ ባዞረ ቁጥር ይሸለማል። ርቀቱ የሚቀንሰው ይህ ሲዋሃደው ብቻ ነው። ጫጩትን በእጅ ይዞ ወደ ውሻ አፍንጫ ማስጠጋት ለፎቶግራፍ ያምራል እንጂ ለጫጩቷ አይበጅም፤ አንድ ንክሻ ለመከላከል ጊዜ አይሰጥም። ዶሮ የገደለ ውሻ አንገት ላይ ሬሳዋን ማሰር የሚለው የቆየ ዘዴ የሚያስተምረው ነገር የለም። በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያን በተመለከተ ግን አሠልጣኞች ተከፋፍለዋል። የገደለ ውሻ ፈጽሞ አይመለስም የሚባለውም በሁሉም ላይ አይሠራ ይሆናል፤ ያም ሆኖ አጥር ያስፈልገዋል።

ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ላባ ያወጡ ጫጩቶች ወደ ውጭው ቤታቸው ይዛወራሉ።

ጤና

ጫጩቶች ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ ሊይዙ ይችላሉ። ኩሳቸውን የበላ ውሻም ባክቴሪያውን ወደ ቤት ያመጣል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም ጫጩት አይይዙም። የዶሮ ኮክሲዲያ፣ ማለትም አንጀቷን የሚያጠቃው ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋሲ፣ ውሻን አያሳምምም። የወፍ ጉንፋን ግን ይተላለፍበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በካናዳ የዱር ዝይ ያኘከ ውሻ በኤች5ኤን1 ሞቷል። የውሻው የውሃ ሳህንም ጫጩቶች በሚፈቱበት ጊዜ ይነሳ፤ ለእነሱ ጥልቅ ስለሆነ ሊሰምጡበት ይችላሉ።