ፊደሉን ሁሉ አንብቤ የእይታ ስፋት ምርመራ ለምን ታዘዘልኝ?

የፊደል ሰሌዳውን እስከ ታችኛው መስመር ያነበበ ሰው «ዓይኔ ደህና ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሰሌዳው የሚለካው ግን የእይታን ጥራት ነው፤ ያውም የመሐሉን ብቻ። የእይታ ስፋት ማለት ዓይን አንድ ነጥብ ላይ ተተክሎ ሳለ ዙሪያውን ምን ያህል ያያል ነው። ጤናማ ዓይን በጆሮ በኩል ከ90 ዲግሪ በላይ ያያል፤ በአፍንጫ በኩል 60 ገደማ።

ቀላሉ ምርመራ መሣሪያ አይፈልግም። ሐኪሙ አንድ ሜትር ያህል ርቆ ፊት ለፊትዎ ይቀመጣል። እርስዎ ግራ ዓይንዎን ሲሸፍኑ እርሱ ቀኝ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይን ለዓይን እንደተያያችሁ ጣቱን ከዳር ወደ መሐል ያመጣል። መለኪያው የራሱ እይታ ነው፤ እርሱ ጣቱን ሲያይ እርስዎም ማየት አለብዎት።

በኮምፒውተር የሚሠራው ብዙዎችን ያስጨንቃል። ብልጭታ ባዩ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ። ብዙው ብርሃን ሆን ተብሎ እስከማይታይ ድረስ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ቢያመልጥዎ አይደንግጡ። እባክዎ ብልጭታ ፍለጋ ዓይንዎን አያንከራትቱ፤ ውጤቱን የሚያበላሸው እርሱ ነው።

ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) አብዛኛውን ጊዜ የመሐሉን እይታ ሳይነካ ይጀምራል፤ የአንዱን ዓይን ጉድለትም ሌላው ይሸፍንለታል። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው የሚመረመረው ለዚህ ነው።