ስለ ዕፅዋት አመጣጥ በተለምዶ የምንሳሳታቸው ነገሮች፦ ከዘጌ ቡና እስከ ጮቄ ጅባራ

ጎጃም ውስጥ ሰብልና ዛፍ የማይነሳበት ወሬ የለም። ዕፅዋት ከየት መጡ፣ እንዴትስ እንዲህ በዓይነት በዙ ሲባል ግን ተደጋግመው የሚነገሩ ስህተቶች አሉ። ጥቂቶቹን እዚሁ በምናውቃቸው ተክሎች ላስረዳ።

«መጀመሪያ የበቀለው ሣር ነው፤ ዛፍ በኋላ መጣ።»

ሣር ትንሽና ቀላል ስለሚመስል እንዲህ ይታሰባል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የየብስ ዕፅዋት ውኃ ውስጥ ከሚኖር አረንጓዴ አልጌ ወገን የተገኙት ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዛፎች ከ380 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነበሩ። የአበባ ዕፅዋት ቅሪት በብዛት መታየት የሚጀምረው ግን ከ130 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው። ሣር ደግሞ ከአበባ ዕፅዋት አንዱ ነው፤ ከእነሱም ዘግይቶ የመጣ። ጤፍ ሣር ነው። ስለዚህ በየደብሩ ቅጥር የቆመው ጥድ ወገኑ ከጤፍ ወገን እጅግ ይቀድማል።

«ጥድም እንደ ሌላው ዛፍ ያብባል፣ ያፈራል።»

የሐበሻ ጥድ አበባ የለውም። ያቺ ወደ ሰማያዊ የምታደላ ድቡልቡል ነገር ፍሬ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። በጣታችሁ ብትፈረክሷት የሙጫ ሽታ ይወጣታል። እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ቅርፊቶች ናት፤ ዘሩ በመካከላቸው ይቀመጣል።

«አዲስ ዝርያ ለመገኘት የግድ ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል።»

ብዙ ጊዜ ዝርያ የሚለያየው ቀስ በቀስ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ዕፅዋት ግን አቋራጭም አላቸው። የዘጌን ቡና ተመልከቱ። ቡናው ወደ ዘጌ እንዴት እንደመጣ የገዳማቱ አባቶች ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር አያይዘው ይተርካሉ። እኔ የማነሳው ከዚያ እጅግ የሚቀድመውን፣ ቡናው ራሱ እንዴት እንደተገኘ ነው።

የዘጌው ቡና አረቢካ የሚባለው ዝርያ ነው። ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች በየሴላቸው ውርስ የሚሸከሙ 22 ክሮሞዞሞች አሏቸው። አረቢካ ግን 44 አለው። ሮቡስታ የምንለውና ዩጂኒዮይድስ የሚባለው ሌላ የቡና ዝርያ፣ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ተዳቅለው የወለዱት ነው። በቅሎ የማትወልደው ከፈረስና ከአህያ የወረሰቻቸው ክሮሞዞሞች በትክክል ስለማይጣመሩ ነው። ዲቃላ ተክልም ብዙ ጊዜ ይኸው ይገጥመዋል። አረቢካ ግን የሁለቱንም ወላጆች ክሮሞዞም በሙሉ ያዘ። እያንዳንዱ ጥንዱን ስላገኘ ዲቃላው መካን አልሆነም፤ ዘር ሰጠ። ለዚህ ሚሊዮን ዓመት አላስፈለገም። ጤፍም ባለ 40 ክሮሞዞም ሲሆን፣ እሱም የሁለት ወገኖች ውርስ በአንድ ላይ የያዘ ነው። በየቀኑ የምንበላውና የምንጠጣው ነገር ታሪክ ይህ ሆኖ ሳለ ትምህርት ቤት ውስጥ በደንብ አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

«ጅባራ የጮቄን ብርድ ለመቋቋም ብሎ ራሱን ለወጠ።»

ተክል አያቅድም። ጅባራ በሚበቅልበት በጮቄ ተራራ ላይ ቀን ፀሐይ ይፋጃል፣ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከአንድ እናት የወጡ ዘሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ውርጩ አንዳንዱን ይገድላል፤ የተረፈው የራሱን ባሕርይ ለዘሩ ያወርሳል። ይህ በብዙ ሺህ ትውልድ ሲደጋገም፣ ጥቅጥቅ ባሉ ቅጠሎቹ መሃል ያለውን ለጋ ከውርጭ የሚከልል ተክል ይገኛል። ዘመዶቹ በኬንያና በርዌንዞሪ ተራሮችም አሉ። የጮቄው ግን ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም። ጅባራ ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይደርቃል።

«በርበሬ፣ በቆሎና ድንች ከጥንት ጀምሮ የኛ ናቸው።»

ሦስቱም የአሜሪካ አህጉር ተክሎች ናቸው። ከዚያ መውጣት የጀመሩት ኮሎምበስ እዚያ ከደረሰበት ከ1492 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው።

«መጭ አረም ነው፤ ከኑግ ጋር ምን አገናኘው?»

በደንብ ያገናኘዋል። መጭ የኑግ የቅርብ የዱር ዘመድ ነው። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አይታችሁ ቢጫ አበባቸውን አስተያዩ፤ ዝምድናው ፊት ለፊት ይታያል። ኑግን ኑግ ያደረገው ገበሬው ነው። ደህና የያዘውን እየመረጠ፣ ተለቅ ያለውን ፍሬ ለዘር እያስቀረ፣ በብዙ ትውልድ ከዱሩ ለየው። ይህ የሆነው ደግሞ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። አሁንም ሁለቱ በአንድ ማሳ ሲያብቡ ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች፤ ዲቃላም ይገኛል። የዱር ዘመድ ሰብሉ ያጣውን ባሕርይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዘር ለሚያሻሽሉ ባለሙያዎች መጭ እንዲሁ ታርሞ የሚጣል ነገር አይደለም። ቢያንስ የማሳው ዳር ላይ ያለው ቢተው ደስ ይለኛል፤ ንቦቹም ይፈልጉታል።