የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፦ የተረሳችው ሁለተኛዋ ስንኝ

ባለፈው ወር የእድራችን ስብሰባ ላይ ነው። እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያለን ሰዎች ያቋቋምነው እድር ነው። ሁለት አባላት፣ ያውም ዘመዳሞች፣ በገንዘብ ተጣልተው ሊካሰሱ ነው ተባለ። ሽማግሌ እንላክ፣ አንላክ የሚል ክርክር ተነሳ። አንድ ትልቅ ሰው እጃቸውን አወጡና፣ «ምን ያደክማችኋል? የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ እኛን አያገባንም» ብለው ቁጭ አሉ። ሰው ሳቀ። አጀንዳው ተዘጋ።

እኔ ግን ቡናው አልወርድልህ አለኝ።

ይህችን አባባል ሰው ሲቀልድባት ሰምቼ አውቃለሁ። ባሏ የአርሴናል፣ ወንድሟ የማንቸስተር ደጋፊ የሆነች ጓደኛ አለችኝ፤ ጨዋታ በኖረ ቁጥር ይሏታል። እሱስ ይሁን። «አያገባንም» ለማለት ስትውል ግን ያኔ ነው የሰማሁት።

ሙሉዋ እንዲህ ናት፦

የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ፤
ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽ ሳይወጣ።

ገልብጦ «የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ» የሚልም አለ። ሁለቱንም ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባቸዋለሁ። ፍቺዋን አልነግራችሁም፤ ማንም ያውቀዋል። እኔን የያዘችኝ «ቅጥ» የምትለዋ ቃል ናት።

ከተማ ላደገ ሰው ለቅሶ ማለት ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበርና የካርታ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። አያቴ ሀገር፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ለቅሶ ቅጥ ነበረው። መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሟቹ የተከበረ ሰው ከሆነ፣ ወይም በሰው እጅ የጠፋ ከሆነ፣ ግቢ አይበቃውም፤ ለቅሶው ሜዳ ይወጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ያስራሉ። ክብ ይሠራሉ። አልቃሿ መሃል ትገባለች። የሟቹን ኮት አንዷ ትይዛለች፣ ባርኔጣውን ሌላዋ፣ ዱላውን ሌላዋ። ጠመንጃውን ታናሽ ወንድሙ አፈሙዙን ዘቅዝቆ ይይዛል። ፈረስ የነበረው እንደሆነ፣ ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ በልጓም እየተሳበ ሜዳውን ይዞራል። ፎቶግራፍ ያለው ሰው ሲሆን ደግሞ ፎቶው ከነመስተዋቱ ታቅፎ ይዞራል። ሕፃን ሆኜ እፈራው የነበረው እሱን ነው። ሁሉም ሰው እያለቀሰ ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውዬ ብቻ አያለቅስም።

ታዲያ ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። እኅት የምትቆምበት ይታወቃል፣ ሚስት የምትቆምበት ይታወቃል። አልቃሿ የእኅትን ስንኝ ስታወርድ እኅት ትነሳለች፤ የሚስትን ስታወርድ ሚስት ትነሳለች። ሌላው ደረቱን እየመታ ይቀበላል። ከዚያ ቀብር፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ሰው ሐዘኑን በየተራው፣ በሰው ፊት፣ ያወጣዋል። እርሙን አወጣ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ይሆናል። እዚያው ሠፈር ሁለት አማቾች በእርሻ ድንበር ተጣሉና አንዱ አንዱን ገደለ። ገዳዩ በዚያው ሌሊት ዓባይ በረሃ ወረደ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ሆነ። የአያቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ የሟቹን እኅት በዓይኔ ፈለግኋት። የለችም። ያኔ አልገባኝም። ክቡ ውስጥ እንዳትገባ የገዳይ ሚስት ናት፤ ወንዶቹ ደሙን እንመልሳለን እያሉ የሚፎክሩት በባሏ ላይ ነው። ቤቷ እንዳታለቅስ ደግሞ የልጇ ነፍስ ያሳሰባት አማቷ አጠገቧ አለች።

ከቀብር መልስ አያቴ ንፍሮ በሰሐን ይዛ ወደዚያ ቤት አመራች። ከእኛ በቀር የሄደ ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ጓዳ ውስጥ ወፍጮው ላይ ተደፍታ ትፈጫለች። ጠጋ ስንል እህሉ አልቋል። ባዶውን ድንጋይ ነው የምትፈጨው። አያቴ አጠገቧ ተቀመጠችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በለቅሶ ዜማ፣ ያችን ሁለት ስንኝ አለቻት። ሴትየዋ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ስንወጣ «እምዬ፣ ለምን ሰደብሻት?» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ሰደባት? አስለቀስኳት እንጂ። እሷ አልቃሽ ማን አላት?»

ስለዚህ እኔን የሚያሳምነኝ አንድ ነገር ነው፦ ይህች አባባል ተረት አይደለችም፤ ሙሾ ናት። ከለቅሶ ሜዳ ወድቃ ተረት መሃል የገባች ሙሾ። «ሽ» እያለች የምታናግረው ሰው ፊቷ አለ። ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሐዘንሽ አልወጣም የሚላት ሰው አለ። ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። በድሮው ደም ማድረቅ፣ ሽማግሎች ሁለት ደመኛ ወገኖችን ሲያስታርቁ ካሳው ተከፍሎ በጋብቻ የሚያስሩበት ጊዜ ነበር። የአንዱ ወገን ልጅ ለሌላው ትዳራለች። እርቁ ሲፈርስ መሃል ላይ የምትቀረው ያች ሙሽራ ናት። ስንኟ መጀመሪያ የወረደችው ለእንዲህ ያለች ሴት ይመስለኛል። የቋንቋ ምሁር ቢቃወመኝ አያቴን ይጠይቅ።

ይሄን ሁሉ ያስታወሰኝ እድሩ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን እንግዳ መጥቶብኝ ከተማ ላሳይ ስዞር አሥረኛው መንገድ ላይ ያለው የፎርድ ቲያትር ወሰድኩት። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የተተኮሰበት ቤት ነው። ቀኑ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 14 ቀን 1865፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 1857 ነበር። ዓርብ ስቅለት። በዚያ ዓመት የእነሱና የእኛ ፋሲካ ገጥሞ ነበርና ጎጃምም ሰው ሲሰግድ የዋለበት ቀን ነው። ማታ ጆን ዊልክስ ቡዝ የሚባል ተዋናይ ከኋላው ተኮሰበት። ሊንከን በማግስቱ ጠዋት ከቲያትሩ ፊት ለፊት ባለ ቤት ውስጥ አረፈ።

ቤት ስገባ የዚያን ለቅሶ ፎቶዎች ሳገላብጥ አመሸሁ። ፎቶግራፍ ገና ልጅ ነበር። መስተዋት ላይ መድኃኒት ይቀባል፤ ሳይደርቅ ተነስቶ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። የሚንቀሳቀስ ነገር ጭስ ይመስላል። ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ የተነሳውን ሰልፍ ስታዩት ሰዉ ተሟሟቶ ቤቱ ብቻ ጥርት ብሎ ይታያል። ሐዘኑ የሚታወቀው በየሕንፃው በተጠመጠመው ጥቁር ጨርቅ ነው። የእኛ ለቅሶ በዚያ ካሜራ ቢነሳ ደረት የሚመታው እጅ ሁሉ ይጠፋ ነበር። ኮቱና ባርኔጣው እንኳ ቢበዛ ጥላ ነበር የሚሆነው።

አንዱ ፎቶ ላይ፣ ዩኒየን ስኩዌር አጠገብ፣ ከአንድ ቤት መስኮት ሁለት ልጆች ቁልቁል ያያሉ። አንዱ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የስድስት ዓመቱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው ይባላል። በዚያው ኒውዮርክ የከተማው ምክር ቤት ጥቁሮች ሰልፉ ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሎ፣ የጦር ሚኒስቴሩ ጣልቃ ገብቶ ነው ከኋላ የተሰለፉት። ከባርነት ነፃ ባወጣቸው ሰው ለቅሶ ላይ! አስከሬኑ በባቡር ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በየከተማው እየወረደ፣ ሜይ 4 ቀን ኢሊኖይ፣ ስፕሪንግፊልድ ተቀበረ። እዚያ የተነሳው ፎቶ ነው ልቤን የነካው። የሊንከን ፈረስ፣ ኦልድ ቦብ፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ ቆሟል። አጠገቡ ለሊንከን ቤት ይሠሩ የነበሩት ጥቁር ሰባኪ ሄንሪ ብራውን አሉ። አያቴ ብታየው «እህ፣ እነሱም ወጉን ያውቃሉ» ትል ነበር።

ከእነዚያ ፎቶዎች ሁሉ የጠፋች አንዲት ሴት ግን አለች። ሚስቱ፣ ሜሪ ቶድ።

ሜሪ የኬንታኪ ልጅ ናት። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ከእናት ከማይገናኟት፣ ከአባቷ ልጆች፣ አብዛኞቹ ለደቡብ ወገኑ። ባሏ የሰሜኑ ጦር ሁሉ አዛዥ ነው። በ1862 ወንድሟ ሳሙኤል ሻይሎ ላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ታናሹ አሌክሳንደር ባተን ሩዥ አጠገብ ሞተ፤ እሱን የመታው የገዛ ወገኑ ጥይት ነው ይባላል፤ ቢሆንም ያው ጦርነቱ ነው። በ1863 የእኅቷ የኤሚሊ ባል፣ ጄኔራል ቤን ሄልም፣ ቺካማውጋ ላይ ተገደለ። ሊንከን ይወደው ነበር፤ ከእሱ ወገን ሹመት አቅርቦለት እምቢ ብሎት ነው የሄደው። ሜሪ ለአንዳቸውም በአደባባይ ማልቀስ አልቻለችም። ብታለቅስ፣ ድሮም ሰላይ ናት እያለ የሚያማት የሰሜኑ ሰው ምን ሊል? ልብስ ሰፊዋ ኤሊዛቤት ኬክሊ፣ ከባርነት ራሷን የዋጀች ሴት፣ ሜሪ ስለ አንዱ ወንድሟ ሞት ምን እንዳለቻት ጽፋለች፤ ባሌን ትቶ ጠላትነትን መረጠ፣ የማለቅስበት ምክንያት የለኝም የሚል መንፈስ ያለው ነው። ባዶ ድንጋይ መፍጨት ይሏል ይሄ ነው። ኤሚሊ ጥቁሯን ለብሳ ዋይት ሃውስ ስትመጣም፣ አማጺ ቤቱ አስገባ ተብሎ ሊንከን ተወቀሰ።

የሞተው ወንድምሽ፣ የገደለው ባልሽ።

ከዚያ 1865 መጣ። ባሏን የገደለው ቡዝ የሥጋ ዘመዷ አይደለም። ግን ወንድሞቿ የሞቱለትን የደቡብን ወገን ነኝ ብሎ ነው የተኮሰው። የተገለበጠችው ስንኝም ደረሰችባት። በአንድ ሴት ላይ ሁለቱም ስንኞች! ኋላ እመለስባቸዋለሁ ያልኩት ለዚህ ነው።

ኤፕሪል 19 ቀን ዋይት ሃውስ ውስጥ ጸሎት ሲደረግ ሜሪ ፎቅ ላይ ነበረች። አልወረደችም። ባቡሩንም አልተከተለችም። አምስት ሳምንት ያህል ከክፍሏ ሳትወጣ ስትቀር አዲሱ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሠራ። ከቤትሽ ሳይወጣ ማለት እንዲህ ነው። ኒውዮርክ ላይ ጀረማያ ገርኒ የሚባል ፎቶ አንሺ አስከሬኑን በሣጥኑ እንዳለ አነሳው። የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን ተቆጣ፤ ሚስትየው ከልክላለች አለ፤ መስተዋቶቹ እንዲሰበሩ አዘዘ። አንድ ቅጂ ግን ወረቀት መሃል ተደብቃ ኖራ በ1952 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ አገኛት።

ሐዘኗን የሚያሳይ ፎቶ የተነሳችው ከዓመታት በኋላ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቦስተን ውስጥ መንፈስ አነሳለሁ የሚል ዊልያም መምለር የሚባል ሰው ዘንድ በሐሰት ስም ሄደች። ይህ ሰው ቀደም ብሎ በማጭበርበር ተከሶ ያውቃል። ፎቶው ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ሊንከን እጁን ትከሻዋ ላይ ጭኗል። ተንኮሉ ያስታውቃል። ግን ፊቷን እዩት። አልቃሽ አጥታ አጭበርባሪ ቤት የሄደች ሴት ናት። እስከ ሞተችበት እስከ 1882 ጥቁሯን አላወለቀችም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አሁን አሁን ፌስቡክ ላይ ስንኟን ጎምደው «የሞተው ወንድማችን፣ የገደለው ወንድማችን» የሚሉ በዝተዋል። «ሽ» ወጥታ «አችን» ስትገባ ሴትየዋ ጠፋች እኮ! ያለቀሰችው እሷ፣ ንፍሮ የሚያስፈልጋት እሷ። ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ ሁለት ነጋዴ በተጣላ ቁጥር ጋዜጠኛው ይጠቅሳታል፤ የመጀመሪያዋን ስንኝ ብቻ። ግማሽ ሙሾ አውርዶ ዞር የሚል አልቃሽ ሀገር ቤት ቢሆን ክፍያውም አይሰጠው።

የዚያን ዕለት ስብሰባው ሲያልቅ በር ላይ ጠብቄ፣ «ጋሼ፣ ያችን ሁለተኛዋን ስንኝ ለምን ተዉአት?» አልኳቸው።

«ሁለተኛ አላት እንዴ?» አሉኝ፣ የመኪናቸውን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ እየፈለጉ።